አጭር ቁጥር ሳይለመን የሚሞከር አገልግሎት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ዓመት እዚህ ኮምቦልቻ የማስተምራቸው ልጆች በባቲ የሰኞ ገበያ የሚውለውን የፍየልና የማሽላ ዋጋ በአጭር መልእክት ለገበሬው የሚያደርስ አገልግሎት ሠርተው ነበር፤ ሆኖም አጭር ቁጥር ፍለጋ የሄዱበት ቢሮ «መጀመሪያ ውል፣ ከዚያ ሙከራ» እያለ ስላመላለሳቸው ሥራው ላፕቶፕ ውስጥ ቀረ። ጥፋቱ ግን የእኔም ነው። ካኔል የተባለው ምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነ የመልእክት መተላለፊያ ሶፍትዌር፣ እውነተኛውን የኦፕሬተር የመልእክት ማዕከል (አጭር መልእክቶችን ተቀብሎ ወደ ስልኮች የሚያደርሰውን ሥርዓት) መስሎ የሚልክና የሚቀበል መሞከሪያ ፕሮግራም ይዞ እንደሚመጣ ቀድሜ ላሳያቸው ይገባኝ ነበር። በዚህ መንገድ የተሞከረ አገልግሎት ውሉ ሲፈረም በዋናነት የሚያስፈልገው በማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ የማዕከሉን አድራሻና የይለፍ ቃል መለወጥ ነው።

ለዳታ አገልግሎት ደግሞ የአምስተኛውን ትውልድ (5ጂ) ኔትወርክ እምብርት፣ ማለትም ስልኮችን የሚመዘግበውንና ዳታቸውን የሚያስተላልፈውን ክፍል፣ ሥራ የሚሠራው ኦፕን ፋይቭ ጂ ኤስ የተባለ ሶፍትዌር፣ ስልኩንና የኔትወርክ ጣቢያውን አስመስሎ ከሚያቀርበው ዩኢራንሲም ከተባለ ፕሮግራም ጋር በአንድ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል (መብራት ቢጠፋም ባትሪው እስኪያልቅ)። ሞገድ ወደ አየር መልቀቅ ፈቃድ ይሻል፤ ይህ የላፕቶፕ ሙከራ ግን ሞገድ አይለቅም።

ኮሌጆቻችን ይህን በመደበኛ የላቦራቶሪ ሥራ እንዲያካትቱ፣ ኦፕሬተሮችም ለተማሪዎች ያለ ውል የሙከራ አጭር ቁጥር እንዲፈቅዱ በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር መምህር፣ ከኮምቦልቻ