የስማርት ቤት በጀት ከግድግዳው ይጀምር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጎንደር ከተማ በቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሥራ ከምንተዳደር ባለሙያዎች አንዱ ነኝ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቤት የሚያሠሩ ሰዎች፣ በተለይም ገንዘቡ ውጭ አገር ካለ ልጅ ወይም ወንድም የሚላክላቸው፣ ገና ሲያገኙን የሚያነሡት ጥያቄ «ስማርት ለማድረግ ስንት ይፈጃል?» የሚል ሆኗል፤ ስማርት የሚሉት መብራቱ፣ ካሜራው፣ የበሩ ቁልፍ በስልክ ወይም በራሱ የሚታዘዝበትን ቤት ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚሰጣቸው መልስ ግን ብዙ ጊዜ የዕቃ ዋጋ ዝርዝር ብቻ ነው፦ አምፖሉ ይህን ያህል፣ ካሜራው ይህን ያህል፣ የበሩ ቁልፍ ይህን ያህል። እንዲህ ያለው ዝርዝር በእኛ ከተማ ሁኔታ በጀት ሊባል አይችልም። ገንዘቡ መመደብ ያለበት በተቃራኒው ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ ለሽቦው፣ ቀጥሎ ለኃይሉና ለውኃው፣ በመጨረሻ ለዕቃው ነው የሚል አቋም ስላለኝ ምክንያቴን ለአንባቢያን ለማስረዳት ይህን ጽፌያለሁ።

በከተማችን የአብዛኛው መኖሪያ ቤት ማብሪያ ማጥፊያ ተፈትቶ ሲታይ ከጀርባው የሚገኙት ሁለት ሽቦዎች ናቸው፤ አንዱ ፌዙን፣ ማለትም ኃይሉን፣ ያመጣል፣ ሌላው ወደ አምፖሉ ይወስደዋል። ጅረቱ የሚመለስበት ሽቦ፣ ኒውትራሉ፣ በጣሪያ በኩል በቀጥታ ወደ አምፖሉ ስለሚሄድ ማብሪያው ዘንድ አይደርስም። ለተራ ማብሪያ ይህ ጉድለት አይደለም። ስማርት ማብሪያ ግን በውስጡ ትእዛዝ የሚጠብቅ ትንሽ ሬዲዮ ስላለው መብራቱ ጠፍቶም ቢሆን ኃይል ይፈልጋል፤ ለዚህም ኒውትራል ሊደርሰው ይገባል። ያለ ኒውትራል የሚሠሩ ዓይነቶች መኖራቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚፈልጉትን ጥቂት ጅረት በአምፖሉ በኩል ስለሚያሳልፉ አነስተኛ ዋት ያለው ኤልኢዲ «ጠፍቶ» እያለ ሲብለጨለጭ ወይም ፈዞ ሲበራ ሊያድር ይችላል። ቤቱ ገና በብሎኬት ደረጃ ላይ እያለ ወደየማብሪያው አንድ ተጨማሪ ባለ 1.5 (ውፍረቱ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሆነ) ሽቦ መሳብ ከጥቂት ጥቅል ሽቦ የዘለለ ወጪ የለውም። ከልስንና ከቀለም በኋላ ከሆነ ግን ግድግዳ መቦርቦር፣ እንደገና መለሰን፣ እንደገና መቀባት ይከተላል፤ የለሳኙና የቀለም ቀቢው ሒሳብ ከማብሪያዎቹ ዋጋ ሲበልጥ አይቻለሁ። በዚያው አጋጣሚ ጠለቅ ያለ የማብሪያ ሣጥን መቅበርና በየፎቁ አንድ የኔትወርክ ገመድ የሚያልፍበት ባዶ ቱቦ መተው ይገባል፤ በተለይ ፒያሳና አካባቢው ባሉት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያላቸው ነባር ቤቶች የዋይፋይ ሞገድ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር እጅግ ስለሚዳከም ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ አንድ ራውተር ጓዳውን አይደርስበትም።

ግራውንድን፣ ማለትም አደገኛውን ኃይል ወደ መሬት የሚያወርደውን መሥመር፣ በተመለከተ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ በአግባቡ ያልተቀበረ ከሆነ ከክረምት መብረቅና መብራት ተቋርጦ ሲመለስ ከሚመጣው የቮልቴጅ ዝላይ ይከላከላል ተብሎ ብሬከር ሣጥን ውስጥ የሚገባው መሣሪያ ትርፍ ጌጥ ነው።

ብዙ ሰው ለዚህ ሁሉ ወጪ ራሱን የሚያሳምነው «የመብራት ሒሳብ ይቀንስልኛል» በሚል ነው። እስቲ እናስላው። የ9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በየቀኑ ለ3 ሰዓት ያህል ተረስቶ ቢበራ በወር የሚባክነው 0.81 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህን እንዲያጠፋ የተገጠመው ስማርት ማብሪያ በበኩሉ ትእዛዝ ለመጠበቅ ብቻ 1 ዋት የሚወስድ ከሆነ ሌት ተቀን ሲሠራ በወር 0.72 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። እንዲህ ያሉ ሃያ ማብሪያዎች ያሉት ቤት ምንም ሳያበራ በወር ከ14 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይቆጥርበታል ማለት ነው። መብራትን ስማርት ማድረግ ምቾት ነው፤ ቁጠባ ነው ብሎ መሸጥ ግን ደንበኛን ማሳሳት ነው። ቁጠባ ያለው ኃይል ከሚበላው ዕቃ ዘንድ፣ በተለይም 1,500 ዋትና ከዚያ በላይ በሆነው የመታጠቢያ ቤት ቦይለር ዘንድ ነው፤ ማንም በማይታጠብበት ሰዓት ውኃውን እያሞቀ እንዳይውል ማድረግ በወሩ መጨረሻ ቆጣሪው ላይ ይታያል። ለዚህም ቢሆን ስማርት የሚባል ነገር የግድ አይደለም፤ ብሬከር ሣጥን ውስጥ የሚገባ ተራ የሰዓት ማብሪያ ይበቃል።

ስለ እንጀራ ምጣድ ግን በጥብቅ ማሳሰብ እፈልጋለሁ። በገበያ ላይ ያሉት ስማርት ሶኬቶች አብዛኞቹ የ10 ወይም የ16 አምፔር ናቸው፤ በ220 ቮልት ሲባዛ የመጀመሪያው 2,200 ዋት፣ ሁለተኛው 3,520 ዋት ይችላል ማለት ነው፣ ያውም በወረቀት ላይ። ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል፤ የሚሠራውም ለአምስት ደቂቃ ሳይሆን ሊጡ እስኪያልቅ ነው። ሶኬቱ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ቀጥሎ የፕላስቲኩ ጠርዝ ይጠቁራል፣ በመጨረሻ በውስጡ ያለው ሪሌ (መሥመሩን የሚከፍትና የሚዘጋው ትንሽ መቀየሪያ) ተጣብቆ ከስልክ «አጥፋ» ቢባልም የማያጠፋ ይሆናል። ምጣድን ከርቀት መቆጣጠር የግድ ነው የሚል ቤተሰብ ካለ ከባድ ኃይል የሚችል ትልቅ ሪሌ፣ ማለትም ኮንታክተርና የራሱ ብሬከር፣ ባለ 4 ወይም ባለ 6 ሽቦም ያስፈልገዋል፤ ይህም በበጀቱ ውስጥ ራሱን የቻለ ወጪ ሆኖ ይያዝ። እኔ በበኩሌ ማንም በሌለበት ቤት ምጣድ የሚያበራ ነገር መግጠም አልወድም፤ ተረስቶ ሲቀር ማስጠንቀቂያ የሚልክ የጅረት መለኪያ ይሻላል።

በጎንደር ለአውቶሜሽን የሚወጣ ገንዘብ እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው ከሁሉ በላይ በውኃ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ። ለከተማዋ ውኃ የሚያቀርበው የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላትና የከተማዋ መስፋፋት ተደራርበው ውኃ በፈረቃ የምናገኝ መሆናችን ለአንባቢ አዲስ አይደለም። ውኃው ሌሊት ሲመጣ ለመንቃት ሲሉ ቧንቧውን ከፍተው ባዶ ጀሪካን ከሥሩ አስቀምጠው በድምፁ የሚነሡ እናቶች ዛሬም አሉ። የመሥመሩ ውኃ ሲመጣ ምድር ላይ ያለውን ታንከር የሚሞላ፣ ከዚያም ዲናሞውን አስነሥቶ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ የሚገፋ፣ ታችኛው ታንከር ሲጎድል ደግሞ ዲናሞው ያለ ውኃ ዞሮ እንዳይቃጠል የሚያቆም ሥርዓት ሁለት ፍሎተር (የውኃውን ከፍታ ተከትሎ የሚበራና የሚጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ)፣ አንድ ኮንታክተርና አንድ አነስተኛ መቆጣጠሪያ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ኢንተርኔትም አይፈልግም። ከባለ ቀለም አምፖል በፊት ይህ ሊታሰብ ይገባል።

ኢንተርኔትን ካነሣሁ ዘንድ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ማብሪያው ተነክቶ አምፖሉ እስኪበራ ድረስ ትእዛዙ ባሕር ማዶ ወዳለ ሰርቨር ሄዶ የሚመለስ ከሆነ እንዲህ ባለው ጊዜ ዕቃው ሙት ነው። ኢንተርኔቱ ባይቋረጥም አምራቹ ሊቋረጥ ይችላል፤ በ300 ዶላር ይሸጥ የነበረው ሬቮልቭ የተባለ መቆጣጠሪያ በግንቦት 2016 እ.ኤ.አ. ሰርቨሩ ሲዘጋ ከጥቅም ውጭ ሆኗል፣ ኢንስቲዮን የተባለው ድርጅትም በሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. ደንበኞቹን ሳያስጠነቅቅ ሰርቨሩን አጥፍቷል። ስለዚህ ገዢ ሱቅ ውስጥ ሊያደርገው የሚገባ ፈተና አለ፦ ዕቃው ከዋይፋዩ ጋር ከተገናኘ በኋላ የራውተሩ የኢንተርኔት መሥመር ይነቀል፤ አሁንም የሚታዘዝ ከሆነ ይገዛ፣ ካልሆነ ይቅር። በዚግቢ፣ ማለትም ያለ ዋይፋይ በሚሠራ አነስተኛ የሬዲዮ መገናኛ፣ የሚሠሩ ወይም ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣውን የማተር ስታንዳርድ (የተለያዩ አምራቾች ዕቃዎች እንዲግባቡ የሚያደርግ ደንብ) የሚከተሉ ዕቃዎች፣ በነፃ ከሚገኘው ሆም አሲስታንት ከተባለ የቤት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጋር ሲቀናጁ፣ ቤት ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ብቻ ይተዳደራሉ። ኮምፒውተሩም አዲስ መሆን የለበትም፤ ስክሪኑ የተሰበረ ግን ባትሪው ያልሞተ አሮጌ ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋም ሥራውን አያቋርጥም። ለራውተሩ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነ አነስተኛ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም እንኳ 10 ዋት የሚወስድ ራውተርን ለ4 ሰዓት ያህል ያቆያል።

የአንድ ደንበኛዬ እናት የግድግዳው ማብሪያ ሁሉ ተነሥቶ በስልክ ብቻ እንዲሠራ መታሰቡን ሲሰሙ «እና ልጄ፣ በጨለማ ስልኬን በምን ላገኘው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ማብሪያዎቹ በቦታቸው ቀርተዋል።

የምንዛሪው ነገርም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ዕቃዎቹ ሁሉ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ዛሬ የተገዛው ማብሪያ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲበላሽ በዚያው ዋጋ አይገኝም፤ በዚያው ሞዴል ላይገኝም ይችላል። ለካሜራ ቅጂ ማስቀመጫ በየወሩ በዶላር የሚከፈል ኪራይ ከሆነ ደግሞ ለአብዛኛው ቤተሰብ ከመክፈያ መንገዱ ጀምሮ ችግር ነው፤ ሜሞሪ ካርድ የሚቀበል ካሜራ ይመረጥ። እኔ ለደንበኞቼ የምለው ለዚህ ሥራ ከያዙት ገንዘብ ግማሽ ያህሉ ለሽቦ፣ ለግራውንድና ለመከላከያ፣ ሩብ ያህሉ ለባትሪና ለውኃው እንዲውል፣ በቀረው ዕቃ ሲገዙም ከየዓይነቱ አንድ አንድ መለዋወጫ አብረው እንዲይዙ ነው። ገንዘቡ ካነሰ የሚቀነሰው ከዕቃው ነው፤ ዕቃ ነገም ይጨመራል።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አለኝ። ለግንባታ ፈቃድ የሚቀርበውን የኤሌክትሪክ ፕላን የሚመረምሩ የከተማችን ባለሙያዎች ወደ እያንዳንዱ ማብሪያ ኒውትራል መድረሱንና ግራውንዱ የት እንደሚቀበር በፕላኑ ላይ እንዲታይ ቢያስገድዱ መልካም ነው፤ ጋዜጣችሁም ስለ ቤት ግንባታ ወጪ በሚያወጣቸው ጽሑፎች የኤሌክትሪክ ዝርጋታን ከፊኒሺንግ ጋር ሳይሆን ከብሎኬት ሥራው ጋር አያይዞ ቢያቀርበው ባለቤቶች ወደ እኛ የሚመጡት ግድግዳው ሳይለሰን ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከጎንደር