ሲጠፋ እኩል እናየዋለን

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ ቀረሁ። እማማ ካረፉ በኋላ ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ጠፋኝ። ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ነጎደ። ይቅር በለኝ።

ሰሞኑን ጣና ዳር፣ ድሮ የምንቀመጥበት ድንጋይ ላይ፣ ማታ ማታ ሰማይ እያየሁ አመሻለሁ። "ኮከብ እየሄደ ነው" ስትለኝ "አውሮፕላን ነው" ብዬ ድርቅ ያልኩብህ ትዝ ይልሃል? ልክ አንተ ነበርክ። አውሮፕላን ብልጭ ድርግም ይላል። ያ ግን ድምፅ ሳያሰማ፣ ማዕበል በሌለበት እንደሚሄድ ታንኳ ነበር ያለፈው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሳይሆን አይቀርም።

ዝናቡ ካባራ ወዲህ አራት ጊዜ አይቼዋለሁ። በሰሜን ምዕራብ፣ ከሐይቁ ማዶ ብቅ ሲል ገና ሱዳን ላይ ነው። ከፍታው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከሩቅ ይታያል። ሲቀርብ ከኮከቦቹ ሁሉ ይደምቃል። ብርሃኑ ግን የፀሐይ ነው፤ እኛ ጋ ጨልሞ እዚያ ላይ ገና አልጠለቀችም። ቆሎ የምትሸጥ ልጅ "ሰው አለበት?" ብላ ጠየቀችኝ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሰው ተለይቶት እንደማያውቅ ስነግራት ቆሎውን አስቀምጣ እጇን አውለበለበችለት። እኔም አውለበለብኩ።

የኛዋ ሳተላይት፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና የመጠቀችው፣ 70 ኪሎ ገደማ ብቻ ስለሆነች በዓይን አትታይም። እሷን ባየሁ እንዴት ደስ ባለኝ!

ከሁሉ ልቤን የሚነካው ግን አጠፋፉ ነው። ጥርት ባለ ሰማይ ላይ እየሄደ ሳለ ቀላ ይላል፣ ይደበዝዛል፣ ከዚያ የለም። የምድር ጥላ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ጥላው ደግሞ ለሁላችንም አንድ ነው። እኔ ባሕር ዳር፣ አንተ አዲስ አበባ ሆነን ብናየው ለሁለታችንም በአንድ ቅጽበት ነው የሚጠፋው። አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅበትን መንገድ እሱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል።

የፊታችን ሐሙስ ማታ 1 ሰዓት ከ10 ላይ ያልፋል። ግቢ ውጣና ወደ ሰሜን ምዕራብ ተመልከት። ለእኔ በደቡብ ምሥራቅ፣ ላንተ ግን ከአናትህ ብዙም ሳይርቅ ነው የሚጠፋው። ስልክህን ይዘህ ውጣ። እንደጠፋ እደውልልሃለሁ።

ወንድምህ፣ ከባሕር ዳር