ጫፉ እየታየ ለምን እንመለሳለን? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የእግር ጉዞ ደንበኞቻችን
ደሴ እና ኮምቦልቻ

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ ይደርሰናል። «ጫፉ እዚያው እየታየን ለምን መለሳችሁን?» የሚል። በስልክም፣ በቴሌግራምም፣ ፒያሳ ላይ ስንገናኝም ያው ነው። ገንዘቡን ከፍሎ፣ በብርድ ሌሊት ተነስቶ የመጣ ሰው ቢከፋው አይፈረድበትም። ስለዚህ ነገሩን አንዴ በደንብ እንጻፈው አልን።

ደንቡ አጭር ነው። ቀኑን ሙሉ በሚፈጀው የጦሳ ተራራ ሸንተረር ጉዞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን የትም እንድረስ የት ፊታችንን እናዞራለን። ጫፉ ላይ ለመድረስ አስር ደቂቃ ቢቀረንም እንኳ። ይህን አንቀይረውም። ምክንያቱን ግን ማወቅ አለባችሁ።

ጦሳ ያታልላል። ደሴ ያደገ ሰው ጠዋት በሩን ሲከፍት የሚያየው ተራራ ስለሆነ ሩቅ አይመስለውም። «እሱማ ጓሯችን ነው» ይላል። ከታች ሲታይ አንድ ወጥ ግድግዳ ይመስላል። ሲወጡት ግን አንዱን ጉብታ ጨርሰው «ደረስን» ሲሉ ከኋላው ሌላ ብቅ ይላል፤ በመሃል ደግሞ ወርዶ እንደገና መውጣት አለ። ስለዚህ የከተማውን ከፍታ ከጫፉ ከፍታ ቀንሶ «ይህችማ ምን አላት» ማለት አያዋጣም። እግር የሚቆጥረው የዳገቱን ድምር ነው።

የተራራ ሰዎች አንድ የቆየ ስሌት አላቸው። ኔይስሚት የሚባል የስኮትላንድ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ነው። ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይያዛል። ለምሳሌ 15 ኪሎ ሜትር ርዝመትና ድምሩ 1200 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ አምስት ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። ይህ ግን ለጠንካራ ሰው፣ ያለ ረፍት፣ ያለ ምሳ፣ ያለ ሰልፊ ነው። በቡድን ሲሆን አንዱ ጫማውን ያስራል፣ አንዷ ሹራብ ታወልቃለች፣ ሌላው ቁልቁል የገራዶን ሸለቆ እያየ ይፈዛል። አምስቱ ሰዓት ሳይታሰብ ስምንት ይሆናል።

አየሩም አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ደግሞ እየቀነሰ ይሄዳል። የደሴ ሰው ለምዶታል። ኮምቦልቻ ግን 1850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ከዚያ የምትመጡ ደንበኞቻችን የሐረጎን ዳገት በመኪና ወጥታችሁ ወዲያው ዳገት ስትጀምሩ ልባችሁ ቢመታ አትደንግጡ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ሆን ብለን ቀስ የምንለው ለዚህ ነው። እያወራችሁ መሄድ ካቃታችሁ ፍጥነቱ በዝቷል። ለመሪው ንገሩት፣ ሼም የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው፤ እኛ የምንፈራው ቁልቁለቱን ነው። ዳገት ትንፋሽ ይቆርጣል እንጂ ቆም ሲሉ ያልፋል። ቁልቁለት ላይ የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ክብደታችንን የሚይዘው፤ ልክ እንደ ፍሬን። ይህ ጡንቻውን በጥቃቅኑ ይጎዳዋል። እሁድ ሄዳችሁ ሰኞ ደህና መስሏችሁ ማክሰኞ የቢሮ ደረጃ መውረድ ያቃታችሁ ሰዎች ምን እንደምንል ታውቃላችሁ። በመንገድ ላይ ደግሞ የደከመ ጭን ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት ይከዳል። በበጋ ደረቁ አፈር ላይ የተበተነው ኮረት እንደ ኳስ ከእግር ስር ይሸሻል። ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ «ተገላገልን» ብሎ ስልኩን ሲያወጣ።

ስለዚህ ለመውረድ የተረፈ ጉልበትና የተረፈ ብርሃን ያስፈልጋል። በእኛ አገር ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ሲል ጨለማ ነው፤ ክረምት ከበጋ ብዙም አይለያይም። ስድስት ሰዓት ላይ ከተመለስን ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ሰው ቢኖር እንኳ እየደገፍነው በቀን እንደርሳለን። የደሴን ጉም ደግሞ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከሰዓት በኋላ ሲወርድ ከፊት ያለው ሰው ጀርባ አይታይም። በበልግና በክረምት ነጎድጓዱም የሚያዘወትረው ከሰዓት በኋላ ነው። ሸንተረር ላይ ነጎድጓድ ከሰማን ስድስት ሰዓትንም አንጠብቅም፤ ወዲያው ዝቅ እንላለን። ለብቻው የቆመ ዛፍ ስር ማንንም አናስጠልልም። የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላም ወደ ላይ አንመለስም።

ሌላው ቅሬታ «ቀርፋፎቹ አስጠበቁን» የሚል ነው። እዚህ ላይ ከልባችን አንስማማም። ብዙ ቡድን ውስጥ የሚሆነውን እዩ፦ ፈጣኖቹ ቀድመው ይደርሱና ቁጭ ብለው ያርፋሉ። የመጨረሻዋ ሴት እያለከለከች ስትደርስ «በሉ እንሂድ!» ይባላል። ያረፉት ብርቱዎቹ፣ ያላረፈችው የደከመችው። በእኛ ጉዞ ረፍት መቆጠር የሚጀምረው የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው። አንድ መሪ ከፊት፣ አንድ መሪ ከኋላ ይሄዳል፤ ከኋለኛው መሪ ኋላ ማንም አይቀርም። የኋላ መሪያችን «አብሽር፣ አብሽር» ማለት የማይሰለቸው ሰው ነው። ሆን ብለን ነው እዚያ ያደረግነው።

ስለ ዝግጅት ጥቂት እንበል። ውሃ ቢያንስ ሦስት ሊትር ያዙ። ቆሎ፣ ዳቦ፣ በሶ፣ ያላችሁን። በሶ ላይ ማርና ትንሽ ጨው ጣል ብታደርጉበት ከሱቅ ብስኩት በብዙ ይሻላል። የእግር ጥፍራችሁን ከሁለት ቀን በፊት ቁረጡ፤ ቁልቁለት ላይ ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር ሲጋጭ የሚጠቁረው ረጅሙ ጥፍር ነው። ከመውረዳችን በፊትም ማሰሪያውን ከቁርጭምጭሚት ስር ጠበቅ አድርጋችሁ እንደገና እሰሩ። አዲስ ጫማ ለዚህ ቀን አታስመርቁ።

ጾመኞች ቀድማችሁ ንገሩን። ሳይበሉ የሚውሉ ሰዎችን ረጅሙ መንገድ ላይ አንወስድም፤ በረመዳንና በዓቢይ ጾም አጭሩን እናዘጋጃለን። እሱም ቢሆን ከተማዋን ከላይ ያሳያል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ በስድስት ሰዓቱ ደንብ ወይም በነጎድጓድ ከተመለስን ክፍያ አይመለስም። መሪዎቹ ሠርተዋል፣ መኪናውም ሄዷል። ዝናብ ሆኖ ከመነሳታችን በፊት ከሰረዝን ግን ክፍያችሁ ለቀጣዩ ጉዞ ይያዛል፤ ካልፈለጋችሁ ሙሉውን እንመልሳለን።

የሚቀጥለው ጉዞ ቀን እንደተለመደው በቴሌግራም ይለጠፋል። ከመምጣታችሁ በፊት ባለው ቀን የጫማችሁን ፎቶ ላኩልን። ከላይ ያለውን ሳይሆን ሶሉን።

ከአክብሮት ጋር
የጉዞ አዘጋጆቻችሁ፣ ደሴ