ሪሴት ከመጫናችሁ በፊት አሮጌውን ኮምፒውተር ክፈቱት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ላይ አንድ አንባቢ የቤታቸው ዋይፋይ ፓስወርድ እንደጠፋባቸው ጽፈው ነበር። የተሰጣቸው መልስ አጭር ነው። ራውተሩን፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ዕቃ፣ ሪሴት አድርገው (ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት መልሰው) እንደ አዲስ ይጀምሩ ተባሉ። ጠያቂው ግን አንድ ትልቅ ነገር ጠቅሰዋል። አሮጌ ኮምፒውተራቸው አሁንም ያለ ምንም ችግር ኢንተርኔት ይገባል። መልሱ ይህቺን ነገር ዘሏት አለፈ። እኔን ብዕር ያስነሣችኝ እሷ ናት።

ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። ዋይፋዩን ያስገቡላቸው ልጆቻቸው ናቸው። ፓስወርዱን የሞሉትም እነሱ ናቸው። ከዚያ ልጆቹ በትምህርትም በሥራም ብለው ከቤት ይወጣሉ። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ኢንተርኔቱ ራሱ ይገባል። ስለዚህ ፓስወርድ የሚባል ነገር መኖሩም ይረሳል። ጉዱ የሚመጣው አዲስ ስልክ የተገዛ ዕለት ነው። ስልኩ ፓስወርድ ይጠይቃል። ለልጁ ይደወላል። ልጁም አያስታውሰውም።

ከተማሪዎቼ አንዷ፣ እናቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሴት፣ ልክ ይኸው ገጠማቸው። ባለሙያ ጠሩ። ባለሙያው ላፕቶፑን ገና ሲያየው «ይሄ አርጅቷል፣ ከዚህ ምንም አይወጣም» አላቸው። የራውተሩን ትንሽ ቀዳዳ በስፒል ተጭኖ ያዘ። መብራቶቹ ጠፍተው እንደገና በሩ። ዋይፋዩ ከፋብሪካ ሲወጣ በነበረው ስሙ ተመለሰ። ኢንተርኔቱ ግን የለም! ሪሴት እኮ የዋይፋዩን ፓስወርድ ብቻ መርጦ አያጠፋም። ብዙ ራውተሮች ላይ አገልግሎት ሰጪው የሰጠው የመግቢያ ስምና ኮድም ተሞልቶ ይቀመጣል። እሱም አብሮ ይጠፋል። የሳቸውም ጠፋ። ያ ኮድ የተጻፈበት ወረቀት የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ቤት ውስጥ አልነበረም። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያለው ላፕቶፕ ዊንዶውስ 7 ነው። የተፈለገው ፓስወርድ ውስጡ ተቀምጦ ነበር። ይህን ሲነግሩኝ ከልቤ አዘንኩ።

ኮምፒውተሩ ፓስወርዱን ለምን እንደሚያስቀምጥ ከገባን ፍርሃቱም ይቀላል። የአንድ ድረ ገጽ ፓስወርድ ሲጠፋባችሁ ድረ ገጹ አሮጌውን አያሳያችሁም። አዲስ እንድትፈጥሩ ያደርጋችኋል። በአግባቡ የተሠራ ድረ ገጽ የናንተን ቃል እንዳለ አያስቀምጠውምና። ሲገባለት ትክክል መሆን አለመሆኑን ማመሳከር ብቻ ነው ሥራው። የቤታችሁ ኮምፒውተር ግን ሌላ ነው። በተከፈተ ቁጥር ማንነቱን ለራውተሩ የሚያረጋግጠው ራሱ ነው። ለዚህ ደግሞ ፓስወርዱን መያዝ አለበት። ዊንዶውስ ፓስወርዱን ቆልፎ ያስቀምጠዋል እንጂ አይጥለውም። የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ፣ ማለትም አድሚኒስትሬተር የሚባለው አካውንት ባለቤት፣ አሳየኝ ቢለው ያሳየዋል። ሰርጎ መግባት የለ፣ ሰበራ የለ። የራስን ነገር ከራስ ዕቃ ላይ ማንበብ ነው።

ዊንዶውስ 7 ላይ እንዲህ ነው። ከስክሪኑ በታች፣ በቀኝ ጥግ፣ ከሰዓቱ አጠገብ ያለችውን የኔትወርክ ምልክት ይጫኑ። የዋይፋዮች ዝርዝር ይወጣል። የእርስዎ «ኮኔክትድ» የሚለው ነው። እሱ ላይ በማውዙ ቀኝ ቁልፍ ይጫኑና «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ይምረጡ። ትንሽ ሳጥን ይከፈታል። «ሴኩሪቲ» የሚለው ገጽ ላይ ፓስወርዱ በጥቁር ነጥብ ተሸፍኖ ይታያል። ከሥሩ «ሾው ካራክተርስ» የሚል ምልክት ማድረጊያ አለ። ምልክት ሲያደርጉበት ነጥቦቹ ወደ ፊደል ይለወጣሉ። አለቀ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ተማሪዎቼ የሚሰናከሉት ፓስወርዱ ከታየ በኋላ ነውና። የመጻፊያው ቦታ ጠባብ ነው። ፓስወርዱ ረጅም ከሆነ መጨረሻው ይደበቃል። ስለዚህ ጠቋሚውን እዚያ ውስጥ አስገብተው በቀስት ቁልፉ እስከ ጫፍ ይሂዱ። የዋይፋይ ፓስወርድ ከ8 እስከ 63 ፊደል ድረስ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ደግሞ የሚመሳሰሉ ፊደሎች አሉ። ዜሮና ትልቁ ኦ፣ አንድ ቁጥርና ትንሿ ኤል፣ ትልቁ አይም ጭምር። በዓይን አይተው ወረቀት ላይ ከገለበጡት ሊሳሳቱ ይችላሉ። ኮፒ አድርገው ኖትፓድ ላይ ይለጥፉት፤ የፊደሉን መጠን ያሳድጉት፤ ቅርጹንም ይቀያይሩት። ያኔ ዜሮው ዜሮ፣ ኦው ኦ ሆኖ ይለያል። ሲጨርሱ ሳጥኑን በ«ኦኬ» ሳይሆን በ«ካንስል» ይዝጉት። ሳያውቁ አንድ ፊደል ነክተው «ኦኬ» ቢሉ የተቀመጠው ፓስወርድ ይበላሻል።

አሮጌው ኮምፒውተር አሁን ያልተገናኘበትን ዋይፋይ ለሚፈልግ ሰውም ዊንዶውስ 7 መልካም ነው። «ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «ኔትወርክ ኤንድ ሼሪንግ ሴንተር» አለ። እዚያ በግራ በኩል «ማኔጅ ዋየርለስ ኔትወርክስ» የሚል ታገኛላችሁ። በአካባቢው የሌለ ዋይፋይ ሳይቀር፣ የተቀመጠው ሁሉ እዚያ ተዘርዝሯል። ይህ ዝርዝር ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ተነሥቷል፤ ለምን እንዳነሡት ሁሌም ይቆጨኛል። በ8 እና በ10 ላይ የተገናኛችሁበትን ዋይፋይ ብቻ ከዚያው ሴንተር፣ ስሙን ጠቅ አድርጋችሁ «ዋየርለስ ፕሮፐርቲስ» በሚለው በኩል ታዩታላችሁ። ሌሎቹን ለማየት ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን የትዕዛዝ መጻፊያ መስኮት እንደ አድሚኒስትሬተር ከፍቶ «ኔትሽ» የሚባለውን ትዕዛዝ መጻፍ ያስፈልጋል። መልሱ «ኪ ኮንተንት» ከሚለው መስመር ፊት ለፊት ይወጣል። ትዕዛዙ በላቲን ፊደል፣ ክፍተቱም ሳይዛነፍ መጻፍ አለበት። ስለዚህ የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ በትልቁ፣ በሳጥን ውስጥ ቢያትመው ለብዙ ሰው ይደርሳል።

ከዊንዶውስ 7 የቀደመው ዊንዶውስ ኤክስፒ ያላቸው ሰዎች አሁንም ይጠይቁኛል። ኤክስፒ ላይ «ሾው ካራክተርስ» የለም። ከዚህም በላይ፣ ደብሊው ፒ ኤ በሚባለው ጥበቃ ከተገናኘ ኤክስፒ የጻፋችሁትን ቃል ራሱን አያስቀምጥም። ከፓስወርዱና ከዋይፋዩ ስም ተሰልቶ የወጣ ሌላ ቁልፍ ነው የሚያስቀምጠው። ይህም ሲጻፍ 64 ፊደልና ቁጥር ይሆናል። ስሌቱ 4,096 ጊዜ ተደጋግሞ የሚሠራ ነው። ከውጤቱ ተነሥቶ ዋናውን ቃል በቀላሉ ማወቅ አይቻልም። የዋይፋዩ ስም በስሌቱ ስለሚገባ፣ ፓስወርዱ አንድ ሆኖ ስሙ ብቻ ቢለወጥ ቁልፉም ይለወጣል። ስለዚህ ኤክስፒ ላይ የመጀመሪያውን ቃል አገኝላችኋለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ቃሉን አትመኑ። ማክ ላላቸው መንገዱ ቀላል ነው። «ኪቼይን አክሰስ» የሚባለውን ፕሮግራም ከፍተው የዋይፋዩን ስም ይፈልጉ፣ «ሾው ፓስወርድ» ይበሉ፣ የኮምፒውተሩን የራሱን ፓስወርድ ይስጡ። ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው የኔትወርኩን ሴቲንግ ሲከፍት እዚያው ያገኘዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። ያ አሮጌ ኮምፒውተር ፓስወርዱን የያዘ የመጨረሻው ዕቃ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ በፍጹም የማይነኩ ነገሮች አሉ። «ሪሙቭ ኔትወርክ» ወይም «ፎርጌት» የሚለውን አትጫኑ። ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ «ዋይፋዩን አጥፍተህ እንደገና አስገባው» የሚል ምክር ይመጣል። ፓስወርዱ በእጅ እያለ ጥሩ ምክር ነው። በእጅ ከሌለ ግን ያለችውን አንድ ቅጂ መደምሰስ ነው። ፎርማት ማድረግም፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ዲስክ አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስጀመርም፣ እንዲሁ። ኮምፒውተር ትንሽ በዘገየ ቁጥር ፎርማት ይደረግ የሚሉ ጠጋኞች ብዙ ናቸው። ደንበኛውን አስቀድመው ሊጠይቁት ይገባል፤ ፋይልህን ብቻ ሳይሆን የዋይፋይ ፓስወርድህንስ ይዘሃል ወይ ብለው። ፓስወርድ አወጣለሁ የሚል ፕሮግራም ከማይታወቅ ቦታ ማውረድም አያስፈልግም። ከነዚህ ውስጥ ቫይረስ ይዘው የሚመጡ አሉ። ዊንዶውስ ራሱ በነፃ የሚያሳየውን ለማየት ኮምፒውተርን አደጋ ላይ መጣል ምን ይባላል?

ኮምፒውተሩ በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል የተገናኘ ከሆነ ውስጡ የዋይፋይ ፓስወርድ አይኖርም። ተስፋ አትቁረጡ። ኬብሉ ራሱ መንገድ ነው። ብሮውዘሩን ከፍታችሁ የራውተሩን አድራሻ ጻፉ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። የሚጠይቃችሁ የራውተሩን መግቢያ ነው፤ እሱና የዋይፋዩ ፓስወርድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰዎች እነዚህን በጣም ያምታታሉ። ራውተሩን ገልብጣችሁ ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት እዩ። ማንም ካልለወጣቸው ሁለቱንም እዚያ ልታገኟቸው ትችላላችሁ። ይህ ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ሲል፣ የአገልግሎት ሰጪው የመግቢያ ስምና ኮድ በእጅ ካለ፣ ያኔ ሪሴት ይደረግ። እኔ ሪሴትን አልጠላም። የመጀመሪያ መድኃኒት ሆኖ ሲታዘዝ ነው የሚያንገበግበኝ።

ፓስወርዱን ያያችሁበት ገጽ ላይ እያላችሁ ከፍ ብሎ ያለውን «ሴኩሪቲ ታይፕ» የሚለውን መስመርና ከሥሩ ያለውን አንብቡልኝ። «ደብሊው ኢ ፒ» የሚል ካገኛችሁ ጥበቃው በጣም ያረጀ ነው። ድክመቱ እ.ኤ.አ. በ2001 በይፋ ተጋልጧል። በ2003 ደብሊው ፒ ኤ፣ በ2004 ደግሞ ደብሊው ፒ ኤ 2 የተተኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ፓስወርዱ ተገኘ ብላችሁ ደስ እያላችሁ እንደዚያው አትተዉት፤ ራውተሩ ላይ ወደ ደብሊው ፒ ኤ 2 ቀይሩት።

አንድ ነገር ደግሞ ያሳስበኛል። እኛ በደቂቃ ያየነውን ፓስወርድ ሌላም ሰው በደቂቃ ያየዋል። አሮጌ ኮምፒውተር ይሸጣል፣ ለዘመድ ይሰጣል፣ ጥገና ቤት ሳምንታት ይከርማል። ውስጡ የቤታችሁ ብቻ ሳይሆን የመሥሪያ ቤታችሁ፣ የወንድማችሁ፣ አንድ ጊዜ ያደራችሁበት ቤት ዋይፋይ ሁሉ ተዘርዝሮ አለ። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ድጋፍ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ነው። ለዊንዶውስ 7 ደግሞ ጃንዋሪ 14 ቀን 2020። የነዚህ ኮምፒውተሮች ቀዳዳ ከእንግዲህ የሚደፍነው የለም። ስለዚህ ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጻፉና ከቤቱ ሰነዶች ጋር አስቀምጡት። ኮምፒውተሩ ከእጃችሁ የሚወጣ ዕለት ደግሞ የዋይፋዮቹን ዝርዝር አንድ በአንድ ደምስሱ።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ይኸን ነው። ለጠያቂው አንባቢ በሚቀጥለው እትም መልስ ስጧቸው። ምናልባት ሪሴቱን ገና አልተጫኑት ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ የኮምፒውተር መምህርት