ካሜራዋን ከመላኬ በፊት

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባዬ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? የደሴ ብርድ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ አሳብ ገብቶኛል፤ ጋቢህን ሳትደርብ እንዳትወጣ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንዲት ትንሽ ካሜራ ትደርስሃለች። ካነን ፓወርሾት ኤ480 ትባላለች። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ ለገበያ የወጣች፣ ሰው ሁሉ በስልኩ ፎቶ ማንሳት ሲጀምር በየመሳቢያው የቀረች ዓይነት ናት። ያገለገለች ስለሆነች ርካሽ ናት፤ ስለ ዋጋዋ አትጨነቅ። የመረጥኳት ግን በርካሽነቷ አይደለም።

ለፋሲካ መጥቼ ሳለ ጦሳ ላይ የተኛውን ጉም በስልክህ ልታነሳ ስትሞክር አይቼሃለሁ። መስታወቱ ጣትህን አልሰማ አለህ፤ አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ሰው ጋ ይደውላል። በመጨረሻ «ተይው ልጄ፣ ይሄ የእናንተ ዕቃ ነው» ብለህ ኪስህ ከተትከው። ያ ቃልህ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። አባዬ፣ ጥፋቱ የአንተ አይደለም። የስልክ መስታወት ጣትን የሚለየው ቆዳው ኤሌክትሪክ በማስተላለፉ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ የጣት ቆዳ ይደርቃል፣ መስታወቱም አላውቅህም ይላል። ይህች ግን እውነተኛ ቁልፍ አላት። ስትጫናት ቀጭ ትላለች።

እንዲሁ በፖስታ አሽጌ ልልክልህ ግን አልፈለግሁም። እሁድ ጠዋት ይዣት ወጣሁና ከአራት ኪሎ እስከ ለገሃር በእግሬ ሄድኩ። አንተ ተማሪ ሳለህ ስትመላለስበት የኖርክበትን መንገድ ነው የመረጥኩት። እያንዳንዱን ነገር «ለአባዬ እጅ ይመቻል? ለአባዬ ዓይን ይታያል?» እያልኩ ነበር የሞከርኩት።

መጀመሪያ የባትሪ ድንጋዩን ነገር ልንገርህ። ሁለት ድንጋይ ነው የምትጎርሰው፤ መጠኑም የሬዲዮህ ነው። ስለዚህ ሆን ብዬ ሬዲዮህ የሚሠራበትን ዓይነት ርካሽ ድንጋይ ከሱቅ ገዝቼ ጀመርኩ። ራስ መኮንን ድልድይ ሳልደርስ ጠፋች። ሬዲዮ በጥቂቱ እየሳበ ለሳምንታት ይኖራል፤ ካሜራ ግን ፍላሽ ሲሞላና ሌንሱን ሲያወጣ በአንዴ ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ ርካሹ ድንጋይ ያን መስጠት አይችልም። አልካላይን የሚለውን ገዝቼ ቀየርኩላትና እስከ ለገሃር አደረሰኝ። ላንተ በቻርጅ የሚሞላውን ከነመሙያው ልኬልሃለሁ። የሬዲዮህን ድንጋይ ለሬዲዮህ ተወው።

ፒያሳን እንዴት አድርጌ እንደምነግርህ አላውቅም። ዶሮ ማነቂያ የለም። በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ይህን በዜና ሰምተሃል። መስማትና እዚያ መቆም ግን ይለያያል። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ ለሽማግሌና ለሕፃን ምቹ ሆኗል፤ ያንን ደስ ብሎኝ ነው የምጽፍልህ። ነገር ግን አንተ «እዚህ ጋ ሻይ፣ እዚህ ጋ መጻሕፍት፣ እዚህ ጋ ያ ሰዓት ሠሪ» እያልክ የነገርከኝን ለማግኘት ብዞር ምልክት የሚሆነኝ አጣሁ። ስለዚህ መንገዱን በሰፊው አነሳሁት። ፎቶውን በትልቁ አሳጥቤ ልኬልሃለሁ፤ የቱ ጋ ምን እንደነበረ ከጀርባው በእጅህ ጻፍልኝ። ይህን ከአንተ በቀር የሚነግረኝ ሰው የለኝም።

የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ግን በቦታው ነው። በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በዓል ዋዜማ እንደተመረቀ፣ ጣሊያንም ነቅሎት እንደነበር የነገርከኝን አስታውሼ ቆሜ አየሁት። ከቆምኩበት ፀሐይዋ ከፈረሱ ኋላ ስለነበረች ካሜራዋ ንጉሡን ጥላ ብቻ አደረገቻቸው። እዚህ ጋ የተማርኩትን ያዝልኝ፤ ዋናው ትምህርት ይህ ነው። ቁልፏን በአንዴ እስከ ታች አትጫን። ግማሽ ድረስ ተጫንና ቆይ፤ ጢጥ ብላ አረንጓዴ ሳጥን ታሳይሃለች። በዚያች ቅጽበት ርቀቱንም ብርሃኑንም ለክታ ይዛዋለች። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ጨለመው ነገር አዙረህ ግማሽ ትጫናለህ፣ ጣትህን ሳትለቅ ወደምትፈልገው ትመልሳታለህ፣ ከዚያ እስከ ታች። በሁለተኛው ፎቶ የፈረሱ የፊት እግሮች እንኳ ለይተው ወጡ። እጅህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነም ሁለቱን ክርንህን ከጎንህ ጋር ገጥማቸው፤ እሷ ንቅናቄ የምታረጋጋበት መላ የላትም።

ጊዮርጊስ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው እየተበተነ ነበር። የሚጸልይ ሰው ፊት ካሜራ አላነሳሁም፤ አንተም እንደማታነሳ አውቃለሁ። አንዲት እናት ግን «እኔን አንሺኝ» ብለው ራሳቸው ጠሩኝ። ደጅ ላይ በጠራራው ሳነሳቸው ነጠላቸው አንድ ነጭ ሆኖ ጥለቱ ጭራሽ ጠፋ፤ ትንንሽ ካሜራዎች ሁሉ በኃይለኛ ፀሐይ እንዲህ ናቸው። ከዛፉ ጥላ ሥር ሲቆሙልኝ ግን አረንጓዴና ወርቃማው ጥለት ክሩ ሳይቀር ታየ። ምርቃታቸውን ልንገርህ? «አባትሽን ያቆይልሽ» አሉኝ። ስለ አንተ አንድም ቃል ሳልነግራቸው።

ቸርችል ጎዳናን ከማዘጋጃ ቤቱ አፋፍ ቁልቁል እስከ ለገሃር በዙም አነሳሁት፤ ጭጋግ ስለነበረ ያን ያህል አልሆነም። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለውን አንበሳ ግን ብታየው! ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሃያ አምስተኛ ዓመት የንግሥ ኢዮቤልዩ የሠራው ነው፤ ጋማው ከድንጋይ የተቆረጠ መሆኑን ከቅርብ ካላዩት አይታመንም።

ብዙ የቆየሁት ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ሊስትሮ ጋ ነው። ጫማዬን እያስጠረግኩ እጁን ላነሳ ፈቃድ ጠየቅሁት። ካሜራዋ የአበባ ምልክት ያለበት ቁልፍ አላት፤ እሱን ከተጫንክ ሌንሱን እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር አስጠግተህ ማንሳት ትችላለህ። የብሩሹ እጀታ መሐሉ በአውራ ጣቱ ልክ ጎድጉዷል። የጥፍሩ ዙሪያ ጥቁር ቀለም፣ ጣቱ ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ ጫፉ ተተልትሎ፣ ሁሉም ወጣ። ከዚያ ልጁ «እኔስ ላንሳሽ?» አለኝና ሰጠሁት። እንደዚህ ያለ ካሜራ ይዞ አያውቅም፤ ግን አንድም ነገር ሳልነግረው ማብሪያዋን አገኘ፣ አዞረኝ፣ አነሳኝ። ያኔ ነው ለአንተ እንደምትሆን የቆረጥኩት።

ስታነሳ ከሰው ራስ በላይ ትንሽ ክፍት ቦታ ተው። የካሜራዋ ፎቶ ቁመቱ ረዘም ያለ ስለሆነ፣ ፎቶ ቤት በ10 በ15 ሳንቲ ሜትር ሲያትሙት ከላይና ከታች ይቆርጡታል። አሥር ሜጋፒክስል ስለሆነች 20 በ30 ድረስ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ለዓይንህ እንዲመችህ ከላክኩልህ ውስጥ አንዳንዶቹን በዚያ መጠን ያሳጠብኩት ለዚህ ነው።

አሁን የልቤን ልንገርህ። በስልክ ስደውልልህ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ብቻ ነው የምትለኝ። ቀንህን አላውቀውም። ጠዋት ከመድኃኔዓለም ስትመለስ ከማን ጋር እንደምትቆም፣ ሰኞ ገበያ ምን እንዳለ፣ አይጠየፍ በኩል ስታልፍ ምን እንደምታይ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት ስታደርሰኝ «ቀና በይ፣ እዚያን እዪ» እያልክ ያሳየኸኝ አንተ ነህ። አሁንም አሳየኝ። የሚያምር ነገር አትጠብቅ፤ የጎረቤቱ በር ይሁን፣ የቡናው ረከቦት ይሁን፣ ያየኸውን አንሳ። ከመካከላቸው አንድ የአንተ ፎቶ ይኑርበት፤ ሚጡ ታንሳህ፣ ባርኔጣህን አውልቀህ።

ካርዱ ከሥሯ ባለው ክዳን ከድንጋዮቹ ጎን ነው። ሲሞላ ሚጡ አውጥታ በሚመጣ ሰው ላኩልኝ፤ ፖስታው ውስጥ ሌላ ባዶ ካርድ አለ። ተበላሽቷል ብለህ የምታስቀረው አይኑር፤ የደበዘዘውንም፣ የተንጋደደውንም ማየት እፈልጋለሁ። ፎቶ የሚሰረዝበት ቁልፍ የት እንደሆነ ያልጻፍኩልህም ለዚሁ ነው።

የምትወድህ ልጅህ