ደብተሩም ከሳጥኑ አይወጣም

ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት። የአባባን፣ የአያትሽን፣ ሳጥን ሳሎን መሀል ስለዘረገፍኩት ግን ትንሽ ተኳርፈናል። "የሃምሳ ዓመት አቧራ ቤቴ ውስጥ አራገፍክብኝ" ትላለች። እውነቷን ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሳስነጥስ ነው የዋልኩት።

ለቤተሰቡ ስብሰባ አልበም ልትሠሪ መነሣትሽ ደስ ብሎኛል። ማኅተም ያለበትን ወረቀት፣ ፎቶዎቹን፣ የእማማን ደብዳቤዎች እልክልሻለሁ። "የጢሰኞቹን ደብተር ግን ተወው አባዬ፣ ያሳፍራል" ያልሽው አልተዋጠልኝም። ስልክ ላይ መልስ ጠፋኝ። እኔ እንደምታውቂው ቶሎ የሚመጣልኝ ብዕር ስይዝ ነው።

ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ሰው ከፋይል ውስጥ የማይወደውን ወረቀት መዝዞ ሲወስድ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። የተመዘዘው አንድ ገጽ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን የቀረውን ዘጠና ገጽም የሚያምነው የለም።

እስቲ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ልንገርሽ።

ከታች ያለው ወፍራሙ ክምር የመንዙ ርስት ክርክር ነው። ርስት ስልሽ አንድ ሰው ለብቻው የሚይዘው፣ ሲፈልግ የሚሸጠው ቦታ እንዳይመስልሽ። አንድ አቅኚ አባት አለ። ከእሱ የተወለደ ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ድርሻ አለኝ ይላል። ዘሩን ቆጥሮ እዚያ አባት ላይ የደረሰ ይካፈላል። ያልደረሰ ይሟገታል። ብዙውን ጊዜ የደረሰውም ይሟገታል። "ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ" የሚባለው እንዲሁ አይደለም፤ የኛ ዘመዶች ሺውን ዓመት ችሎት ላይ ለመጨረስ የቆረጡ ይመስላሉ።

ከክምሩ ውስጥ የታላቋ አክስቴን አቤቱታ ለይቼ አስቀምጬልሻለሁ። ወንድሟ ሌላ አገር አግብታ ሄዳለች ብሎ ድርሻዋን ያዘባት። በልማዱ ሴት ልጅ እኩል ትወርሳለች፤ እሱም ይህን ያውቃል። ግን እርቃ ሄዳለች፣ መጥታ አታርስም፣ መሬቱ እጁ ላይ ነው። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ለደብተራ ከፍላ ነው ያስጻፈችው። ግርጌው ላይ የአውራ ጣቷ አሻራ አለ። ቀለሙ ስለበዛ መስመሮቹ ተዋህደው አንድ ጥቁር ክብ ሆነዋል። ከዘር ቆጠራው ላይ ሰባት ስም ትጠራለች፣ ከሰባቱ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። በሴቶቹ ቆጥራ ነው የገባችው። እሱን ወረቀት አልበሙ መጀመሪያ ላይ ብታደርጊው ደስ ይለኛል። ፍርዱን አትጠይቂኝ፣ ሳጥኑ ውስጥ የለም።

(ወረቀት ሳይለመድ የመሬት ነገር በየቤተ ክርስቲያኑ ወንጌል ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ባዶ ቅጠል ከተገኘም እዚያ ላይ። የጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭና ስጦታ ዛሬ የሚጠናው ከእነዚያ ብራናዎች ነው። ሻጭ፣ ገዢ፣ ዋጋ፣ እማኝ ይዘረዘራል። ይህን ያፈረሰ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ተብሎ የሚዘጋም አለ። የኛ መዝገብ ቤት ያንን ማስፈራሪያ ቢጠቀም ኖሮ ስንት ፋይል በተረፈ!)

ቀጥሎ የግብር ደረሰኝ ነው። በጣም ብዙ ነው። አባባ አንዲት ደረሰኝ አልጣሉም። ምክንያት ነበራቸው፤ ፍርድ ቤት "መሬቱ የኔ ነው" ለሚል ሰው የግብር ደረሰኝ ትልቅ ማስረጃ ነበር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ለሦስት ከፈለው። ለሙ በጋሻ 15 ብር፣ ለም ጠፉ 10፣ ጠፉ 5። የአስራቱ፣ ማለትም ከምርት ይሰጥ የነበረው አንድ አሥረኛ፣ ምትክ ደግሞ ለብቻው ይከፈላል፤ ለለም መሬት 35 ብር። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። የእኛ ቤት አርሲ ውስጥ ሦስት ጋሻ ነበረው፣ ማለትም 120 ሄክታር ገደማ። ሁለቱ ከአያቴ የወረደ ነው፣ በቀላድ ዘመን፣ መሬት በገመድ እየተለካ ሲታደል፣ የተገኘ። ሦስተኛው ባለ ማኅተሙ ነው።

ባለ ማኅተሙን ታውቂዋለሽ። አያትሽ ቤት በመስታወት ተሰቅሎ ያየሽው እሱ ነው። ከድል በኋላ ለአርበኞች፣ ከስደት ለተመለሱና ለወታደሮች መሬት ሲሰጥ አባባም አንድ ጋሻ ደረሳቸው። አምስት ዓመት ጫካ ለጫካ ተንከራተው ነው። እግራቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት እኔ በጣቴ ነክቼዋለሁ። በዚያ ወረቀት ብትኮሪ አልፈርድብሽም። እኔም እኮራለሁ።

አሁን ደብተሩን ክፈቺና ከጎኑ አስቀምጪው።

ሽፋኑ ሰማያዊ ነው፣ ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል። የተጻፈው ምራቅ ሲነካው ሐምራዊ በሚሆነው በዚያ ድሮ እርሳስ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ "የአዲሱ ጋሻ ሰዎች" ይላል። ከሥሩ አሥራ ዘጠኝ ስም አለ። አየሽ፣ ለአባባ የተሰጠው ጋሻ ባዶ አልነበረም። ሰው ያርሰው ነበር፣ አባቶቹ የተቀበሩበት ሰው። ማኅተሙ በተመታበት ቀን እነዚያ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ጢሰኛ፣ የሰው መሬት አራሽ፣ ሆኑ። የማኅተሙ ወረቀት ላይ አንዳቸውም የሉም። ያሉት ደብተሩ ላይ ብቻ ነው።

በየስሙ ትይዩ የአስተራረሱ ዓይነት ተጽፏል፤ እኩል ወይም ሲሶ፣ ማለትም ለባለመሬቱ ግማሹ ወይም ሦስተኛው እጅ። በሬና ዘር ከማን እንደሆነም አለ። ከዚያ በዳውላ የተቆጠረ ስንዴና ገብስ። ከጎኑ ደግሞ "አስራት" የምትል ጠባብ ዓምድ አለች። ይህቺን ዓምድ ለመረዳት አንድ ሌሊት ፈጅቶብኛል። አባባ ለመንግሥት የሚከፍሉት የተቆረጠ ብር ነው፣ 35 ብር። ከጢሰኞቹ የሚሰበስቡት ግን ከምርቱ አንድ አሥረኛውን፣ በእህል ነው። እህሉን በጊዜው ዋጋ ደመርኩት። ከ35 ብር በጣም ይበልጣል። ልዩነቱ የት እንደገባ ደብተሩ አይናገርም። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ ትምህርት ቤት ሄድኩበት። ይህ የእሳቸው ብቻ ተንኮል አልነበረም፣ ባለመሬቱ ሁሉ እንዲያ ያደርግ ነበር። አስራት የቀረው በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲተካው ነው።

አባባን ክፉ ሰው ናቸው ብዬ ልነግርሽ አይደለም። አንድ ስም ጎን "ልጁ ሞቶበታል፣ ይቆየው" ይላል። በሚቀጥለው ዓመት ገጽ ላይ እዚያው ስም ጎን "ይቅርለት" ብለው ጽፈዋል። እጃቸው ነው፣ "ቅ" ስትጻፍ እንዴት እንደምትጠመዘዝ አውቃታለሁ።

የ1962ቱ ገጽም እጃቸው ነው። በዚያ ጊዜ እዚያው አርሲ፣ ጭላሎ ውስጥ በስዊድኖች እርዳታ የተቋቋመው የእርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አምጥቶ ምርቱ ተመነደገ። የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። ግን ምርቱ ሲጨምር መሬቱም ተወደደ። ባለመሬቱ ከጢሰኛ ጋር እህል ከመካፈል ትራክተር ላለው ማከራየት አዋጣው። አባባም አከራዩ። በዚያ ገጽ ላይ አሥራ አንድ ስም ጎን አንዲት ቃል ብቻ አለች፤ "ተነሣ"። ተነሣ። ተነሣ። እስከ ታች ድረስ። ወዴት እንደሄዱ አልተጻፈም። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ትራክተሩን አስታውሳለሁ፣ ቀይ ነበር፣ ከኋላው እየሮጥን እንጨፍር ነበር። ሰዎቹ ሲወጡ ግን አላስታውስም። አላየሁም ወይስ አላየሁም ማለት ለምጄ ነው፣ እግዜር ይወቀው።

ቀልዱን ስሚ እንግዲህ። ከአምስት ዓመት በኋላ እኔው ራሴ ተማሪ ወደ ገጠር በተላከበት በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ላይ ነበርኩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ጮቤ ረግጫለሁ። የሰው አገር ገበሬ ሰብስበን አዋጁን እናስረዳለን። የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር አይበልጥም፣ መሬት መሸጥና ማከራየት ቀርቷል፣ ጢሰኝነትም ቀርቷል እያልን። "መሬት ላራሹ" ተማሪዎች ከ1957 ጀምሮ የጮሁለት ነገር ነው፤ እኛ ደርሰን አየነው። የለበስኩት ሹራብ ግን ከዚያው ከአስራት ዓምድ የተገዛ ነበር።

የእማማ ደብዳቤ የደረሰኝ እዚያው ዘመቻ ላይ ነው። ለሰፈሩ ዲያቆን ነግረው ያስጻፉት። ግማሹ ገጽ ሰላምታ ነው፤ ይድረስ ለውድ ልጄ፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል፣ እኛ ካንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከዚያ ላሟ ወልዳለች፣ የእገሌ ሠርግ ተሰርዟል፣ ካልሲ ልኬልሃለሁ። ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ኅዳጉ ላይ፣ ወደ ጎን ተዘቅዝቆ፣ እንዲህ ይላል፦ "የአርሲው ነገር ሰምተህ ይሆናል። አባትህ ደህና ናቸው፣ ዝም ማለት አብዝተዋል።" በቃ። ስለዚያ ጉዳይ በእኛ ቤት የተጻፈው ይህ ብቻ ነው።

የቀረው ተቃጥሏል። መጋቢት 1969 አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ፣ እማማ ሲፈሩ ሲቸሩ ያገኙትን ወረቀት ምድጃ ውስጥ ከተቱት። የማዕረግ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ ምን ያልተቃጠለ አለ። ደብተሩ የተረፈው ወጥ ቤት የበርበሬ ቆርቆሮ ሥር ስለነበር ነው። አሁንም ገጾቹ መሀል በርበሬ አለ። ማስነጠሴም ለዚህ ነው መሰለኝ።

ስለዚህ ልጄ፣ ፎቶ አንስተሽ ስትሠሪ ደብተሩን ሙሉውን አንሺው፣ ከሽፋን እስከ ሽፋን፣ ባዶ ገጾቹንም ጭምር። መስኮት አጠገብ አድርጊው፣ ፀሐይ በቀጥታ እንዳይመታው። ብልጭታውን አጥፊ። የተቀደደውን በፕላስተር እንዳትለጥፊ፣ አደራ። ከጊዜ በኋላ ሙጫው ቢጫ ይሆንና ፊደሉን ይዞት ይሄዳል። ላሚኔት የሚባለውንም አትንኪ። አግራፎቹን ዝገው ስላገኘኋቸው እኔ በቢላ ጫፍ እያላላሁ አውጥቻለሁ። ማስታወሻ መጻፍ ካለብሽ በእርሳስ፣ ጠርዙ ላይ። ቅደም ተከተሉን አትቀይሪ፤ አባባ ማኅተሙንና ደብተሩን በአንድ ጨርቅ ነው ጠቅልለው ያስቀመጡት፣ እንደዚያው ይቆይ። ቀኑ በግዕዝ ቁጥር ሲሆን እንዳትደናገጪ፤ ፲፱፻፴፬ ማለት 1934 ነው።

ዋናዎቹን ደግሞ ከኔ በኋላ ቤት ውስጥ አታስቀምጪ። ወይ ለቤተ መዛግብት፣ ወይ ስድስት ኪሎ ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስጪ። ግን ሁሉንም በአንድ ላይ። የአጎትሽ ልጆች "ደረሰኙ ካለ መሬቱን እናስመልስ" ማለት ጀምረዋል አሉ። እንኳን ሊመለስ። ሻይ አጠጪና ሸኛቸው።

ይኸው እኔም የእማማን አመል ወርሼ ዋናውን ነገር ወደ ኅዳጉ ገፋሁት። ባለፈው ሳምንት አሰላ ከሚኖረው ዘመዳችን ቁጥሬን ተቀብሎ አንድ ሰው ደወለልኝ። አስተማሪ ነው። አያቱ "ተነሣ" ከተባሉት አንዱ ሳይሆኑ አይቀሩም። የቅድመ አያቱን ስም ፈልጎ አጥቷል፤ ቤታቸው ውስጥ አንድም ወረቀት የለም። "እናንተ ጋ ተጽፎ ይገኝ ይሆን?" አለኝ፣ በትህትና። ደብተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ፈለግኩ። አራተኛው ገጽ ላይ አገኘሁት፤ ስሙ ከነአባቱ፣ ሲሶ፣ ስንዴ 4 ዳውላ። ሳነብለት ጸጥ አለ። ቆይቶ "ፊደል በፊደል ይንገሩኝ" አለኝ፣ እየጻፈ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል። እናትሽ ኩርፊያዋን ትታ ቡና ላፈላ ብላለች። አንቺም ከቻልሽ በዚያ ሰዓት ደውይ።

አባትሽ