አባዬ፣ ሁለቱ አውቶቡሶች ለምን ተከታትለው እንደሚመጡ

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃን ብርድ አይምርም፣ ማታ ማታ በረንዳ ላይ መቀመጡን ተው። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራም ደህና ነው።

ባለፈው ስልክ ላይ «ተማሪዎችሽን መንገድ ዳር ገትረሽ ሰው ታስቆጥሪያለሽ አሉኝ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ለዚህ ነው?» ብለህ ስትስቅብኝ ኔትወርኩ ተቋረጠ። መልሱ በስልክ የሚያልቅ አይደለምና በቴሌግራም እየጻፍኩልህ ነው። ፊደሉን አተልቀው ያሳዩህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስታቲስቲክስ ስናስተምር መጽሐፉ ሁሌ ዳይስና ካርታ ነው። ልጆቹ ቀመሩን ይሸመድዳሉ፣ ይፈተናሉ፣ ይረሱታል። ሌላ አገር በብዙ ኮሌጆች የተለመደ አሠራር አለ፣ ማኅበረሰብን እያገለገሉ መማር የሚሉት። ትምህርቱ ያው ነው፣ ፈተናውም አይቀርም፤ ግን ልምምዱ የሚሠራው የአካባቢው ሰው በሚቸገርበት ነገር ላይ ነው፣ የተገኘው ውጤትም አስተማሪው ማርክ ሰጥቶበት መሳቢያ ውስጥ አይቀርም፣ ለባለጉዳዩ ይመለሳል። እኛ ትራንስፖርትን መረጥን። አዲስ አበባ ተቀምጦ ሌላ ምን ይመረጣል?

እና ልጆቹ በቡድን በቡድን ሆነው አራት ኪሎ፣ ለገሃርና ሜክሲኮ ቆመው ይመዘግባሉ። አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ መጣ፣ ስንት ሰው ወረደ፣ ስንት ወጣ፣ ስንቱ ቀረ። ደብተርና ስልክ፣ ሌላ ዕቃ የለም። ዝናብ ሲመጣ ደብተሩን ሹራባቸው ውስጥ ከተው ነው የሚቆጥሩት።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ልጅ ሆኜ ከሥራ ስትገባ የምታማርረው ነገር ትዝ ይልሃል? የፊተኛው አውቶቡስ ጢም ብሎ ሲንገታገት የኋለኛው ባዶውን ይደርስበታል፣ ከዚያ ተያይዘው ይሄዳሉ፣ ሕዝቡ ደግሞ ሾፌሮቹ ቆመው ወሬ ሲያወሩ ነበር ብሎ ይሳደባል። እኔ ያኔ ምሬት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ራሱን የቻለ ሒሳብ ነው። ኒዌልና ፖትስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በፈረንጆቹ 1964፣ አንተ ገና መሪ ሳትጨብጥ፣ በቀመር አስቀምጠውታል። አንዱ አውቶቡስ ትንሽ ሲዘገይ ፌርማታው ላይ ብዙ ሰው ይጠራቀማል፣ ብዙ ሰው ለመጫን ብዙ ጊዜ ይቆማል፣ ስለዚህ የባሰ ይዘገያል። ከኋላው ያለው ደግሞ የሚጭነው ሰው ስለሚያጣ ይፈጥናል። ማንም ሳያጠፋ ይገናኛሉ። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው አባቴ አንበሳ አውቶቡስ ሾፌር ነበር አልኳቸው፣ አንዷ ወዲያው «ታዲያ እሳቸው ለምን አያስተምሩንም?» አለችኝ። አፌን አስያዘችኝ።

ከዚህ የሚወጣው ስሌት ነው እኔን የገረመኝ። አውቶቡስ በየ10 ደቂቃው ልክ ልኩን ቢመጣ፣ ሰዓቱን ሳያውቅ የመጣ ሰው በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። እነዚያው አውቶቡሶች፣ ቁጥራቸው ሳይቀንስ፣ ሁለት ሁለት ሆነው በየ20 ደቂቃው ቢመጡ አማካዩ 10 ደቂቃ ይሆናል። እጥፍ! ክፍተቱ አንዴ 2 አንዴ 18 ደቂቃ ቢሆን እንኳ ከ8 ደቂቃ ይበልጣል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ፌርማታ የሚደርሰው በረጅሙ ክፍተት ውስጥ ነው። አውቶቡስ ይጨመር የሚለው ሁሉ እውነቱን ነው፣ ይጨመር። ግን ክፍተቱን የሚጠብቅ ከሌለ ሁለት ሆነው ይመጡ የነበሩት ሦስት ሆነው ይመጣሉ። የከተማው ባቡርም እንዲሁ ነው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱም መስመሮች በአንድ ሐዲድ ነው የሚሄዱት፤ ሁለቱ በየ20 ደቂቃው ቢመጡ እንበል፣ ከተመጣጠኑ ሜክሲኮ ላይ ለልደታ የሚሄድ ሰው በየ10 ደቂቃው ባቡር ያገኛል፣ ከተገጣጠሙ ግን ሁለተኛው ምንም አልጠቀመውም።

ታክሲው ሌላ ጠባይ አለው። ሳይሞላ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ መነሻው ላይ የተሰለፈው ይሄዳል፣ መሀል መንገድ ላይ ያለው ሰው እጁን ሲያወዛውዝ ይውላል። ሰልፉ ግን ለስሌት ይመቻል። 60 ሰው ተሰልፏል እንበል፣ በየ4 ደቂቃው አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ይጭናል፤ በደቂቃ 3 ሰው ነው፣ ስለዚህ መጨረሻ የቆመው 20 ደቂቃ ይጠብቃል። ጆን ሊትል የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1961 ያረጋገጠው የሰልፍ ሕግም (በአማካይ የተሰለፈው ሰው ብዛት፣ በደቂቃ የሚመጣው ሰው ሲባዛ አንዱ ሰው በሚጠብቀው ደቂቃ ነው ይላል) ከዚሁ ብዙም አይርቅም። ልጆቹ ይህን በትልቅ ወረቀት ጽፈው ሜክሲኮ ላሉት ተራ አስከባሪዎች ለማሳየት ሄዱ፣ እኔም ተከትያቸው።

አንዱ ተራ አስከባሪ፣ ቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ በአንድ እጁ ከረዳቱ ብር እየተቀበለ በሌላው ሰልፉን እያስተካከለ፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ «ጥሩ ነው። ሰልፉን አይቶ በእግሩ የሄደውን ግን ማን ቆጠረው?» አላቸው። ጸጥ አሉ። እውነቱን ነው፤ ሰልፉ አጭር የሚመስለው ግማሹ ሰው ተስፋ ቆርጦ ስለሄደ ሊሆን ይችላል፣ አረጋውያንና ልጅ ያዘሉ እናቶች ደግሞ መጀመሪያውኑ ሰልፉ ውስጥ የሉም። ጨመረና ማታ ማታ ታክሲዎቹ መንገዱን አቆራርጠው ስለሚጭኑ አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ቆጥራችሁት ይሆናል አላቸው። ሰውዬው ማትሪክ አልፎ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ እኔ ግን በአንድ ሴሚስተር ያላስረዳኋቸውን የናሙና ችግር ቆሞ አስረዳቸው። አሁን ከሰልፉ ራቅ ብሎ ጥግ ላይ የሚቆም ሰው መድበዋል፣ ሥራው መጥተው የተመለሱትን መቁጠር ብቻ ነው።

እንግዲህ የምለምንህ ነገር አለኝ። አውቶቡሶቹ እንዳይያያዙ ከሚታወቁት መፍትሔዎች አንዱ ቀድሞ የደረሰውን አንድ ቦታ ትንሽ አቆይቶ መልቀቅ ነው። አንተ ደግሞ ለገሃር ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ይዞ «ቆይ» ሲልህ እንዴት እንደምትናደድ ታወራ ነበር። ልጆቹ ይህን ከአንተ መስማት ይፈልጋሉ፦ ስንት ደቂቃ ያቆይህ ነበር፣ ውስጥ ያለው ተሳፋሪ ሲጮህ ምን ትሉ ነበር፣ የትኛው ፌርማታ ላይ ቢያቆያችሁ ይሻል ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከእንቅልፍህ ስትነሳ፣ እንደውልልሃለን። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው፣ ጮክ ብለህ አውራ። የማይረባ ጥያቄ ከጠየቁህም ቆጣ በልባቸው፣ እኔን እንደምትቆጣኝ።

ልጅህ